ዳይኖሰሬን እሳት ላስተፉብኝ ሥራ አስኪያጅ

ለጨዋታ አሳታሚ ድርጅታችን የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። አዲሱ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ለወገብዎ ተስማምቶዎት፣ በርዎ ላይ የተለጠፈው ማዕረግ ሳይላላ፣ ጸሐፊዎም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት ሳይታክታት ይህ ደብዳቤ እንደሚደርስዎ ተስፋ አደርጋለሁ። በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ቢሮ ስመጣ አላገኝዎትም፣ ስልክ ስደውል አያነሱም፤ ሰው ሁሉ ሲያነበው እግረ መንገድዎን እርስዎም ያዩት ይሆናል ብዬ ነው። አንተ እያልኩ የኖርኩትን ሰው ዛሬ እርስዎ ማለቴ እንግዳ ከሆነብዎም ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ አንተ የምለውን ሰው ፈልጌ አጣሁት።

ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ድርጅታችን የሚያሳትመው ጨዋታ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ ሆኖ፣ ባለቁጥሩን ጠጠር፣ ዳይሱን፣ እየጣሉ በምናብ አገር ይጓዛሉ። በዚያ አገር የሚያጋጥሟቸውን ዳይኖሰሮች የምፈጥረው እኔ ነኝ። እርስዎ ሥራ አስኪያጅ ከመሆንዎ በፊት፣ ነርሷ፣ መካኒኩ፣ እርስዎና እኔ በመካኒኩ ጋራዥ ጓዳ የዘይት ጀሪካን ገልብጠን ተቀምጠን ስንጫወት አንድ ሕግ ነበረን፦ አንድ እንስሳ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ከመጻፉ በፊት፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛና ምን እንደሚፈራ ይጻፋል። ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት። የሚፈራው ነገር የሌለው እንስሳ ግድግዳ ነው ያሉትም እርስዎ ነዎት፤ እኔም ቂሏ አምኜ ስሠራ ኖርኩ።

አሁን መጽሐፉ ታትሞ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ ስሜ በትልቁ፣ ያውም በወርቃማ ቀለም ሰፍሯል። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለእሳቱ አመሰግናለሁ። እናቲቱ ብለን የምንጠራት ቅጠል በሏ ዳይኖሰር ቤት የምታክል፣ ጭስ ሲሸታት ግን የምትንቀጠቀጥ ነበረች። አረማመዷን ያጠናሁት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያክሙ ኖረው ጡረታ ከወጡት አባቴ ጋር፣ ሳሎን ወለል ላይ በአራት እግራችን እየዳኽን ነው፤ እናቴ በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው። በታተመው መጽሐፍ ግን እናቲቱ ክንፍ አውጥታለች፣ ሥጋ ትበላለች፣ እሳት ትተፋለች። ዘንዶ ካማራችሁ ዘንዶ ብላችሁ ብትጽፉ ማን ይከለክላችሁ ነበር? አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ደጋግመው አዩት። ስሜ ስላለበት እንዳያስከፉኝ ተጠንቅቀው፣ «ልጄ፣ ያ ሁሉ ክብደት በዚህ ክንፍ ይነሳል?» አሉኝ። ተሸማቅቄ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

ሁለተኛ፣ ሳይነግሩኝ ስላደረጉት አመሰግናለሁ፤ ከብዙ ጭቅጭቅ አድነውኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬውን የሰማሁት ከነርሷ ነው፤ እሷም ያየችው የሆስፒታል አልጋ ላይ አንድ ታማሚ መጽሐፉን ሲያገላብጥ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለውን ተረት እርስዎ በሚገባ ያውቁታል፤ ሲቆጡ ደጋግመው ይሉት ነበር።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። እናቲቱን መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ያወጣኋት ዕለት፣ ጉዟችሁ እንቁላሏን ለመውሰድ ነበር። እኔ እንደሠራኋት ከሆነ ማንንም ቀድማ አትነካም፤ ጎጆዋን ትታም አትሸሽም፤ ቢያቆስሏት እንቁላሎቿ ላይ ተኝታ ትሸፍናቸዋለች። መካኒኩ ጦሩን ወረወረ። ሻምበል የተባለው የእርስዎ ጦረኛ ግን ሰይፉን መሬት አስቀመጠና መሃል ገባ። እርስዎም ዳይሱን ጨብጠው፣ «ይቺን ማንም አይነካትም፤ እኔ እያለሁ አይሆንም» አሉ። ኋላ ሥራ በዝቶብዎ መምጣት ሲያቆሙ፣ ሻምበል ጎጆዋ አጠገብ ዘብ ሆኖ ይቆይ ብለው አደራ ሰጡን፤ እኛም በዚያ ባለፍን ቁጥር ሰላም ሳንለው አላለፍንም።

በአዲሱ መጽሐፍ እንቁላሎቿ ለገደላት የሚሰጡ ምርኮ ሆነዋል። የምትፈራው ነገር የተጻፈበት መስመርም ለሥዕሉ ቦታ ይለቀቅ ተብሎ ወጥቷል። «ገበያው የሚፈልገው ጭራቅ ነው» በተባለበት ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድመው እጅዎን ያወጡት እርስዎ እንደሆኑ የመጽሐፉ ሠዓሊ ነግሮኛል፤ ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ያ ምስኪን ባል ቢያንስ ከጅቡ ጋር ቁጭ ብሎ አልበላም።

አራተኛ፣ ሕግ አክባሪዎች ነንና መጽሐፉን በጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ቃል በቃል ሞከርነው። በመጽሐፉ መሠረት እናቲቱ ሰው ሲቀርባት ወዳጅ ከጠላት ሳትለይ እሳት ትተፋለች። ከሁሉ ቀርቦ የቆመው ዘቡ ነበር። ዳይሱን የጣለችው ነርሷ ናት፤ ቁጥሩን አይታ በመዳፏ ልትሸፍነው ሞከረች። ሻምበል ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ እንደቆመ ነደደ። ጋሻውን እንኳ አላነሳም፤ ከጀርባው ይመጣብኛል ብሎ በምን ይጠርጥር? መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ፣ ጨዋታውም በዚያው ፈረሰ። እኔ መጽሐፉን ይዤ ቀረሁና አለቀስኩ። ብዙ ሰው አስቀይሞኛል፤ የከዳኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያውም የራስዎን አደራ በልተው፣ በላዩ የኔን ስም ጽፈው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ በሁለተኛው እትም ስሜን ከሽፋኑ ያውጡልኝ። ክንፉንም እሳቱንም ለድርጅቱ መርቄያለሁ። አባቴ ዳግመኛ ያን ገጽ ገልጠው፣ ልጄ ሠራችው ብለው እንዳያፍሩብኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ እጅግ እያፈርኩ፣ ለሥልጣንዎ ርዝማኔን፣ ለወንበርዎም ጽናትን እየተመኘሁ፣ ከአንገቴ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ወዳጅዎ፣ የዛሬ የሽፋን ጌጥዎ፣
ዳይኖሰር ሠሪዋ

ማሳሰቢያ፦ ስሜ ሲወጣ ሽፋኑ ባዶ እንዳይቀርብዎ ከሰጉ፣ በቦታው የራስዎን ስም ያስገቡበት። እንደማያደርጉት አውቃለሁ። ለምን እንደማያደርጉት በሩን ዘግተው ለራስዎ ይንገሩት፤ የኔም ምክንያት እሱው ነው።