ሮዛ ጊዮርጊስን ያነገሡ ዕለት

እሁድ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2003፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ዛሬ ጎረቤታችንን፣ ጣሊያኗን ሮዛን፣ ለጊዮርጊስ ንግሥ ይዣቸው ሄድኩ። የትውልድ ከተማቸው ጠባቂም ጊዮርጊስ ነው። እማዬ ግን ሳምንቱን ሙሉ "ሥርዓቱን አያውቁም፣ ኋላ ጉድ እንዳታደርጊን!" ስትለኝ ከርማለች።

ነጠላ አልብሼ ከሴቶቹ ጋር አቆምኳቸው። ታቦቱ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን መኪና ማቆሚያ ከዞረ በኋላ ቆመ። ሕዝቡ ጸጥ ሲል ሮዛ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "ቪቫ ሳን ጆርጆ!" ብለው ጮኹ። ለካ በአገራቸው ታቦት የለም እንጂ የቅዱሱ ሐውልት ሲያልፍ እንዲህ፣ "ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዘላለም ይኑር" ይባላል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቄሱ ሳይቀሩ ዞር አሉ።

ወዲያው ከኋላዬ አንዲት ሴት እልልታውን አቀለጠችው፤ ግቢው በሙሉ ተከተላት። ዞር ብዬ ባይ፣ እማዬ ናት!

አሁን ሁለቱም ሲጮኹ ውለው ድምፃቸው ተዘግቶ ሳሎን ውስጥ በምልክት ያወራሉ። የሚስቁት በእኔ ነው መሰለኝ…