ቀይዋ ባጃጅሽ ዝናቡን እንዴት እንዳለፈች

ይድረስ ለውድ እህቴ ለዴልሲ፣ ሊማ።

እታለም፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? የሊማ ብርድ እንዴት ይዞሻል? የልጅሽ የያሪታ እግርስ? ጀሶው ተፈታላት ወይስ ገና ነው? መርገጥ ጀምራለች? አክስታችንስ ቴኦልፊላ ጉልበቷን ተሻላት? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ቤቱም እስከ ደረጃው አፍ ውሃ ውስጥ ቆሞ ደህና ነው፤ እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። ይህን ጽሕፈት እዪው እስቲ! ገበያ ላይ ከፍለን ያስጻፍነው እንዳይመስልሽ። እኔው ሰጉንዶ ነኝ፣ በገዛ እጄ። መምህርት ሉስሚላ በማታው ክፍል ሰው ሁሉ እየሰማ "እንደ ሰጉንዶ ፊደል የሚያሳምር አላየሁም" ብላለች። "እንደ ሰጉንዶ የሚያወራም አላየሁም" ብላ ጨመረችበት እንጂ። እሱን ለምን እንደጨመረችው እስካሁን አልገባኝም።

በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን በስልክ ጽሕፈቴ አይታይሽም። ደግሞም ባለፈው ስትደውዪ መስመሩ ከመቆረጡ በፊት የተናገርሽው ነገር እማዬን እንቅልፍ ነስቷታል። "ባጃጇ ዝናቡን ካልቻለችው ምን ልሠራ እመለሳለሁ? እዚሁ የምግብ ቤቱን ሥራ እይዛለሁ" አልሽ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ለገበያ የምታወጣውን የሩዝ ጁዋኔ በቅጠል ስትጠቀልል እንኳ ማንጎራጎሯን ትታለች። እንግዲህ መልሱን ይዤልሽ መጥቻለሁ፤ ግን ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ያሪታን ለማሳከም ስትሄጂ "ቀይዋን ከውሃ ጠብቅልኝ" ብለሽኝ የለ? ወንዙ መሙላት ሲጀምር የሰፈራችን የቤሌን ሰው ሁሉ ባጃጁን ወደ ላይኛው ሰፈር እየገፋ የሰው ደጅ ሲለምን፣ እኔ ወፋፍራም ግን ቀላል የባልሳ ዛፍ ግንዶች ጎን ለጎን አስሬ ቀይዋን ከነጎማዋ ላያቸው ላይ አንሳፈፍኳት። ከቤታችን ምሰሶ ጋር በገመድ አያያዝኳት። ውሃው ሲወጣ ትወጣለች፣ ሲወርድ ትወርዳለች። ሰፈሩ በሙሉ ታንኳ እየቀዘፈ መጥቶ አየኝ። ማለቴ፣ አያት።

የታቹን ውሃ እንዲህ ካሸነፍኩ በኋላ የላዩ ቀረ። ትልቅ ላስቲክ አምጥቼ ከመሪዋ እስከ ተሳፋሪው መቀመጫ ሸፈንኳት፤ ከዚያ ላስቲኩን ከሆዷ ሥር አዙሬ ጥርቅም አድርጌ ቋጠርኩት። ልክ እማዬ ሩዙንና ዶሮውን በቅጠል ጠቅልላ ድስት ውስጥ ከመክተቷ በፊት እንደምትቋጥረው። ጁዋኔ ሻጭ ያሳደገችው ልጅ ሌላ ምን ያውቃል? የታንኳ ሞተር የሚጠግኑት ጎረቤታችን ጋሽ ኤሊሴዮ ሲያልፉ አዩና "አንተ ሰጉንዶ፣ መቼ ነው የምትበስልልህ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ጥርስ ሲያበቅሉ ትደርሳለች" አልኳቸው።

ከዚያማ ዝናቡ ወረደ፤ ምን ልበልሽ፣ ሰማዩ የተቀደደ ነበር የሚመስለው። እኔ ግን ጣሪያው ሲንጫጫ እየሰማሁ በኩራት እተኛ ነበር። አንድ ጠዋት እማዬ ዕቃ ልታጥብ ግንዱ ላይ ወርዳ የቀይዋን ሆድ ብትደገፍ እጇ ስር ተልፈሰፈሰባት። "ሰጉንዶ! ይቺ ነገር አርግዛለች!" ብላ ጮኸች። ወርጄ ብነካው እውነትም ላስቲኩ ከታች አብጦ ተንጠልጥሏል። ለካ የፍሬኑ መያዣ ከላይ በስቶት ኖሯል። በዚያች ቀዳዳ ዝናቡ ጠብ ጠብ እያለ ገብቶ፣ መውጫ አጥቶ ተጠራቅሟል። የጭስ መውጫዋ ማርሚታ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሞተሩም ከሥሩ ተነክሯል።

እማዬ አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የከፋኝ። ቋጠሮዬን በቢላዋ እየቆረጠች "የኔ ልጅ፣ ጁዋኔ የሚጠቀለለው ውሃ እንዳይገባበት ነው ያለህ ማነው? መረቁ እንዳይወጣበት ነው እንጂ" አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጬ ቅጠል ስቋጥር ይህን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።

ጋሽ ኤሊሴዮ ሳይጠሩ ታንኳቸውን አዙረው መጡ። መጀመሪያ "ዓሣ ገብቶበታል?" አሉ። እግሬን ማስነሻው ላይ ሳሳርፍ ሲያዩ ግን ቀልዱን ተዉት። "ንካትና እጅህን እቆርጠዋለሁ! ውሃ የጠጣ ሞተር በግድ ሲረገጥ ውስጡ ይሰበራል" አሉኝ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታነውና ማስነሻውን በቀስታ ስንረግጥ በቀዳዳው ውሃውን ፊታቸው ላይ እንፍ አለችባቸው። "ቁርጥ ዴልሲን! ስትነካካት ትተፋለች" አሉ ፊታቸውን እየጠረጉ። ዘይቱን ስናወርደው ከውሃ ተቀላቅሎ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ወጣ። እታለም፣ ያን ጊዜ ቀልድም አልመጣልኝ። የምግብ ቤቱ ሥራሽ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። አዲስ ዘይት ጨምረን፣ አዙረን፣ ብናወርደው ያም ደፈረሰ። ደግመን ጨመርን። ካንዴላውን እማዬ ከከሰል ምድጃዋ ዳር አድርቃ ሰጠችን።

በነጋታው ማስነሻው ላይ ቆምኩ። እማዬ ወርዳ ቦርሳዋን ታቅፋ እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀመጠች። ረገጥኩ፤ ዝም። ረገጥኩ፤ ሳለች። "ቀይዋ፣ ልጄን ሰው አገር አታስቀሪብኝ" አለች እማዬ በለሆሳስ። እንደገና ስረግጥ ነጭ ጭስ ተፋችና ተነሣች! ግንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ዳክዬዎቹ ተበተኑ። "የት ላድርስሽ እመቤት? ዙሪያው ውሃ ነው" ብላት "የትም አታድርሰኝ፤ ዝም ብለህ አስጩሃት" አለችኝ። ሞቃ ጭሱ እስኪጠራ ድረስ ተቀምጣ አዳመጠቻት።

አሁን ላስቲኩ ከላይ እንደ ጃንጥላ በእንጨት ተወጥሯል፤ ከታች ክፍት ስለሆነ ነፋስ ያልፋል። የማርሚታዋንና የአየር ማጣሪያዋን አፍ ብቻ ሸፍኜ በጎማ አስሬያለሁ። ጋሽ ኤሊሴዮ ማስነሻውን ቀስ ብለው እስኪጠብቅ ድረስ አውርደው እዚያው ላይ ተዉት። ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቆም የሞተሩ የአየርና የጭስ በሮች ሁለቱም ስለሚዘጉ እርጥበት መግቢያ ያጣል አሉ። ከመጣሽ የመጀመሪያው ርግጫ ያንቺ ነው፤ አሳምሬ የምረግጠው እኔ ብሆንም።

አክስታችንን ቴኦልፊላን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ያሪታን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ዳክዬዋ ጫጩቶች ፈልፍላለች፣ አንዱ እያነከሰ ነውና ይጠብቅሻል በያት። ጋሽ ኤሊሴዮ ስትመጪ ፊታቸው ላይ ባትተፊባቸው እንደሚወዱ ነግረውኛል። እማዬ ይህን ሁሉ ሳነብላት "ጽሕፈቱስ ያምራል፤ ግን ጉረኛ ስለሆንክ አታምንህም። ዘይቱን በዓይኗ ትየው" አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የቀይዋን የዘይት መለኪያ መዝዛ አውራ ጣቷን ዘይቱ ላይ ነክራ ከስሜ ሥር አትማልሻለች። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርጊና እዪው። ወተት የለበትም፤ ማር ነው የሚመስለው።

ወንድምሽ ሰጉንዶ
ኢኪቶስ፣ ታችኛው ቤሌን፣ ሜይ 19 ቀን 2019