የሻምበል ጆሮ

ሰኔ 3
ከሱቅ ገብቼ ልብስ አጠብኩ። አባዬ ዛሬም ከክፍሉ አልወጣም። እማዬ ካረፈች ወዲህ የሚያዋራው ውሻውን ብቻ ነው፣ ሻምበልን። ውሻው ደግሞ በአጥሩ ሽቦ ሲሾልክ ጆሮው ተጭሯል። ትንሽ ነገር ናት... ትድናለች።

ሰኔ 6
ሻምበል ራሱን እያራገፈ አላስቀምጥ አለን። ዝንብ አይለየውም። ቤቱም የሆነ ነገር ይሸታል። አይጥ ሞቶ ይሆን? አልጋ ሥር ሁሉ ገባሁ። የለም።

ሰኔ 7
አይጥ አይደለም፣ ጆሮው ነው! ጸጉሩን ገለጥ ሳደርግ ቁስሉ ውስጥ ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። ጮህኩ። ባለቤቴ መጣ።
"ቤንዚን አፍስሽበት።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ልጆች ያሉበት ቤት ነው፣ ይውጣልን።"
አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። "እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ።"
ቤንዚኑን አላፈሰስንም። ነገ ሐኪም ጋ... እስከ ነገ ይደርሳል?

ሰኔ 8
አባዬ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ጠበቀኝ። ጫማ!
የእንስሳት ሐኪሟ ገና ስታየው ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ ትል የሚበላው የሞተ ሥጋ አይደለም፣ ሕያው ሥጋ ነው። ወደ ውስጥ ከዘለቀ..." አደንዝዛ በወረንጦ ትለቅም ጀመር። ወጥቼ አስመለስኩ። አባዬ ግን የሻምበልን ጭንቅላት ደግፎ፣ "አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ።"
"ዝንቧ ለእንቁላሏ ጭረት ይበቃታል" አለች ሐኪሟ። "ሸፍኑት፣ በየቀኑ እዩት።"
ይተርፋል ወይ? "እናያለን።"

ሰኔ 10
አይበላም። እኔም አልበላልኝ አለ። ጭረት ፍለጋ የልጆቹን ጉልበት ሳገላብጥ ዋልኩ። ትንሿ፣ "እማ፣ እኔ ውሻ ነኝ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅኩ... ከዚያ ደግሜ አየኋት።

ሰኔ 13
ሾርባ ላሰ! ባለቤቴ ለአባዬ መስኮት የዝንብ ወንፊት ይዞ መጣ። አባዬ ያመሰግነዋል ብዬ ስጠብቅ፣ "መዶሻውን አቀብለኝ" አለው። አብረው በሚስማር መቱት።

ሰኔ 26
ፋሻው ተፈታ። ግማሽ ጆሮ ሄዷል፣ ቁስሉ ግን ደርቋል።
ከሥራ ስገባ የአባዬ ክፍል ባዶ። ሻምበልም የለም። ክው አልኩ። እየሮጥኩ ስወጣ የአባዬን ድምፅ ከጎረቤት ሰማሁ። ሻምበልን እግሩ ሥር አስተኝቶ፣ የልብስ ሰፊዋን ድመት በፎጣ ጠቅልሎ መዳፏን እየመረመረ፣ ሴትዮዋን ይቆጣታል። "ጭረት ነው ብለሽ ነው የተውሽው? በይ ሞቅ ያለ ውኃ አምጪ!"
በሩ ላይ ደርቄ መቅረቴን አየ።
"ምን ይገትርሻል? ራት ብሉ፣ እኔን አትጠብቁ።"