ስኳር የተጠቀለለበት የላቲን ገጽ

ለመምህሩ ባሌ፣ ለታደሰዬ፤

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሞላ። «ወሬኛዬ» ትለኝ አልነበር? አፌ አሁንም ያው ነው፣ ሳቄም ያው ነው፤ ውስጤ ግን እንደተኙበት ክንድ ደንዝዟል። እስከ ዛሬ እንባ አልወጣኝም። ጎረቤቱ «ጠንካራ ናት» ይለኛል። እኔ እንጃ።

የቤቱን ልንገርህ። የሚያፈሰውን ጣሪያ አሳድሻለሁ። የቀበሌው ስብሰባ እንዳለ ነው፤ ኅብረት ሱቁ ስኳር ሲያመጣም ያው እንሰለፋለን።

አንድ ጥፋት ግን አጥፍቻለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎችህ የጨረሷቸውን ደብተሮች ለሱቁ መጠቅለያ እሰጥ የለ? ከአርባህ በኋላ እጄ እንደለመደው ክምሩን አንስቼ ሰጠሁ። በልጅነትህ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የጻፍከው የላቲን ደብተር ከመሃል መኖሩን ልብ አላልኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ስኳሬን ቤት አምጥቼ ብፈታው ወረቀቱ «አሞ፣ አማስ፣ አማት» ይላል በእጅህ ጽሑፍ፤ እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል። ቆሜ እስከ ታች አነበብኩት። አውድማ ላይ ማሽላ እየፈለፈልን አይደል ያስተማርከኝ? «እናንተ ራያዎች ደጋሊቱን ማሽላ ከጅጉርቲው በአናቱ ትለያላችሁ፤ ላቲን ግን የሚታወቀው በቃሉ ጅራት ነው» ብለህ አሳቅኸኝ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ድረስ ስማር እንዲህ ያለ ነገር መቼ ሰምቼ! የስሙንም የግሡንም ጅራት በአንድ በጋ ለቀምኩልህ።

ነጠላዬን በወጉ ሳልለብስ ሮጥኩ። የኅብረት ሱቁ ሻጭ ሰይድ «አብሽሪ እህቴ» ብሎ ከጆንያው ሥር የተረፈውን ሁሉ ለቅሞ ሰጠኝ። አንድ ገጽ ብቻ ጠፋ፤ «እወድ ነበር» የሚለው። ይሄኔ የአንዱን ጨው ጠቅልሎ ሮቢት ደርሷል።

ገጹን ራሴ ጻፍኩት። አማባም፣ አማባስ፣ አማባት፤ ስድስቱንም ጅራት ቀጠልኩላቸው። ስጨርስ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶህ እንድታርመኝ ደብተሩን ወደ ወንበርህ ገፋሁት። ከገፋሁት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ሻዩ እስኪበርድ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። እንባ ያን ጊዜም አልመጣም። ልክ ይሁን ስህተት፣ በዚህ በቆቦ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ቀይ እስክሪብቶህን ማንም አይነካውም። ገጹም ሳይታረም ይቀመጣል። ጅራቶቹን በየቅዳሜው ጮክ ብዬ እላቸዋለሁ፤ አንዱ የጠፋኝ ቀን ቦታውን ባዶ እተውልሃለሁ እንጂ በግምት አልሞላብህም።

ወሬኛህ፣
ዘነበች