የሽማግሌው ራስ መነቅነቅ

ጥር 14፣ ጧት
ማስታወሻየ ሆይ፣ ዛሬም ለሽምግልና ተፈልጌያለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ እኔ የሚታረቅ ባልና ሚስት ጠፋ። ምሥጢሩን ላንተ ብቻ፦ ጆሮየ ከደከመ ወዲህ ጥበበኛ ሆኛለሁ። ድሮ እየሰማሁ ስናገር ለፍላፊ ነበርሁ። አሁን አልሰማም፤ ከንፈር አያለሁ፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። «ጋሸ አዱኛ እኮ አስተዋይ ናቸው!» ይባላል። ይህን ባውቅ በጉብዝናየ በደነቆርሁ።

ከሰዓት
የሺ ናት፣ የሟቹ ጓደኛየ ልጅ። ከባሏ ሸሽታ ወጥታለች። ሽምግልናው እኛ ቤት። ባሏ ስመኘው ቡሬ እየተመላለሰ እህል ይነግዳል። አፉን ከፍቶ ይጮሃል፤ ቃል አላመለጠኝም። ይወዳታል፤ ይክሳታል።
እሷ ሽማግሌ አክብራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ አቀረቀረች። ከንፈር የለም። ድገሚ ማለት አፈርሁ። አልሰማሁም የሚል ሽማግሌ ምን ሊረባ? ስትጨርስ ቀና ብላ እኔን አየች። አብረውኝ ለሽምግልና የተቀመጡት ቄስ ትመለስ ወይ አሉኝ፤ ነቀነቅሁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እኔን አይተው ነቀነቁ። መረቅን። ባል ጉልበቴን ሳመ፤ ይዟት ሄደ። ግሩም ዳኝነት!

ጥር 19
ከቤ/ክ ስመለስ ባለቤቴ ወ/ሮ ብርቄ አኩርፋለች። ምን ሆንሽ ብል ጆሮየ ሥር ጮኸች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። የሺ ያለችው ይህ ነው፦ ስመኘው ቡሬ ሲሄድ ከውጭ ይቆልፍባታል። አትመልሱኝ ብላ ለምናናለች። ብርቄ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። እኔ ፊቷ ተቀምጬ!
«ጆሮህ እንደከበደህስ አውቃለሁ፤ ይህን ያህል ነው?» አለችኝ። ሐኪሙ የጆሮ መሣሪያ አድርግ ሲለኝ፣ ሰው ምን ይለኛል ብየ ተውሁ። ሰውማ ያለውን አለ። እኔ አልሰማሁም እንጂ።

ጥር 20፣ ረፋድ
ከየሺ ደጅ መመለሴ ነው። ስመኘው ቡሬ ነው። በሩ ላይ ጓጉንቸር። አንኳኳሁ፤ ስሟን ጠራሁ። ትመልስ አትመልስ በምን ልወቅ? የቆርቆሮ በር ከንፈር የለው። መዳፌን ለጠፍሁበት፤ ይርገበገባል። ከውስጥ እየመታችው ነው።
ያ ጨዋ ሽማግሌ፣ እኔው፣ መንገድ ላይ ጮኸ፦ «እናንተ ሰዎች! ጆሮየ አይሰማም! ምን እንደምትል ንገሩኝ!»
ጎረቤቷ እትየ ዘርፌ ሮጣ መጣች። በሩ ላይ ጆሮዋን ደገነች። ከዚያ ዐይኗን ከእኔ አሸሸች። በይ ንገሪኝ እንጂ! አልኋት።
ጮኻ ነገረችኝ፦ «ጋሸ ሰምተው ከመለሱኝ ጥፋቱ የኔ ቢሆን ነው ብየ ዝም አልሁ ትላለች።»

ከሰዓት
ጓጉንቸሩን ሰብረናል። የሺ እኛ ቤት ናት። እሑድ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ፣ ሳልሰማ ፈርጃለሁ፣ ምርቃቴን አንሥቻለሁ እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ባይጠራኝ ደግ አደረጉ።
ጓዳ ከብርቄ ጋር እያወራች ነው። ምን እንደምትል አይሰማኝም። ልነሣና ልጠይቃት።