ዓይናችንን አስረን የለየናቸው ዛፎች

ለውድ እህቴ ለእትዬ ገላነሽ፣

የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ሐረር ደህና ነን፤ ያስቸገረን ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው።

ሰሞኑን እኛን መምህራንን ስለ ደን ሊያሠለጥኑን ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ አወጡን። ጠዋት ዓይናችንን በሻሽ አስረው፣ ዛፉን በእጅና በአፍንጫ ለዩ አሉን። ክትክታውን ቅጠሉ ሲያጣብቀኝ፣ ጥዱን ልጡ በእጄ ሲላጥ አወቅሁት። አንድም አልሳትኩም! አብራኝ የምታስተምረው ልደት፣ «ቲቸር ብዙዬ፣ በሻሹ ሥር እያየሽ ነው፤ ሌባ!» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ከሰዓት በኋላ ሻሹ ተፈትቶ የወፍ ጎጆ ቆጠርን። ልደት ጣቷን ቀስራ፣ «ያውና፣ ከፊትሽ!» ትለኛለች። «አየሁት» አልኳትና የእሷን ቁጥር ገለበጥኩ። ሻሹ ጠብቆብኝ ስለነበር ይሆናል።

እትዬ፣ እማዬ «መርፌ ላይ ክር አስገቡልኝ» ማለት የጀመረችው በስንት ዓመቷ ነበር? እጇን ይዘን መድኃኔዓለም ማድረስ ከመጀመራችን ስንት ዓመት ይቀድማል? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው። በስልክ አትንገሪኝ፤ ልጆቹ ይሰማሉ። ጻፊልኝ፤ ፊደሉን ግን ተለቅ አድርጊው።

ለጋሼ ለማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሳይዘገይ በዓይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን።

ታናሽሽ ብዙነሽ