ዘፈኑ መሃል ላይ ስለተነቀለው ገመድ

ለተከበሩ አቶ ደምመላሽ፣ በሐርጌሳ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በዚህ የአቧራ ወቅት ጉሮሮዎ ደህና እንዲሆን፣ ሁላችንንም የሚያዙበት ድምፅዎም እንዳይዘጋ ምኞቴ ነው። እኔ ሼክ ኑር ሰፈር የምኖር፣ በሰው ቤት ሠርቼ የማድር ዓለምነሽ ነኝ። ደክሞኛል፤ ቢሆንም ምስጋና ማሳደር አልወድም።

በመጀመሪያ ስለ ፊልሙ አመሰግናለሁ። ለአባላት መዝናኛ «ጦርነት የሌለበት፣ ፖለቲካ የሌለበት፣ ዘፈን የበዛበት አምጪ» ብለው አዘዙኝ፤ እኔም ጭፈራ የሞላበት አንድ የጥንት ጥቁርና ነጭ ፊልም አመጣሁ። ዳቦ ጋጋሪው ይዘፍናል፣ ልብስ ሰፊዋ ትጨፍራለች፣ ከተማው ሁሉ ሠርግ ይመስላል። እርስዎም የፊት ወንበር ላይ ሆነው በእግርዎ ምቱን ሲከተሉ አይቻለሁ። ከዚያ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሹም መጣ፤ እየጨፈረ ከበር በር እየዞረ «አባትህ ከወዴት ነው?» እያለ በዜማ ይጠይቅ ጀመር፤ መልሱ ያልጣመውን ቤት በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ጎረቤቶቹ እየሳቁ አጨበጨቡለት፤ እኛም ሳቅን።

ያልሳቀው ኪዱ ብቻ ነበር። ኪዱን ያውቁታል፤ የማኅበሩን አዳራሽ ግድግዳ በነፃ የለሰነልን ነው። «እኛም ሰፈር ሲጀምሩ እንዲህ እየሳቁ ነበር» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን። ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። እርስዎም ብድግ ብለው ገመዱን ነቀሉት፤ «ዘፈን ነው ብላችሁ ፖለቲካ ታሳዩኛላችሁ?» አሉ። ስለ ፍጥነትዎ ሁለተኛ ምስጋናዬን ይቀበሉ፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ጄኔሬተሩ ጋ እንዲህ ፈጥነው ደርሰው አያውቁም።

ሦስተኛው ምስጋና ግን ከብዶኛል። ኪዱ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ የማኅበሩን የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅዎ «አንተ ነገር ታነሳለህ፤ ማኅበሩን ታስነካብናለህ» ብለው መለሱት። አልፈው ተርፈውም፣ ለጥንቃቄ ያህል፣ የእያንዳንዳችንን አባት የትውልድ ቦታ ጠየቁ። ልዩነቱ በዜማ አለመሆኑ ብቻ ነው።

የፈቃዱ ጊዜ ሲያልፍበት ኪዱ ከሥራ ቀረ። ፍተሻ አለ በተባለ ቁጥር ዳሚ ሰፈር በተከራያት ክፍል በሩን ቆልፎ ይውል ነበር። ምግብ ይዤለት ስሄድ ስሜን ደጋግሜ ካልተናገርኩ አይከፍትም። እኔም በር ላይ ቆሜ ስሜን ስጠራ ራሴን መፍራት ጀመርኩ።

ያተረፈው ማኅበራችን አይደለም፤ አከራዩ ሳህራ ናት። የዚሁ አገር ሰው ናት፤ በልጅነቷ ከጦርነት ሸሽታ ጅጅጋ ያደገች፣ አማርኛን ከእኛ እኩል የምትናገር። ነገሩን ስነግራት ሻሿን አስተካክላ ተነሳች፤ ሦስታችንም ኢሚግሬሽን ሄድን። «ዋሱ ማን ነው?» ሲሉ «እኔ ነኝ» አለች። በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ብጠይቃት «ወላሂ፣ እኔንም ሰው ደብቆኝ ነው የተረፍኩት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። የኪዱ ፈቃድ ታድሷል፤ ወደ ልስኑ ተመልሷል።

የፊልሙን ቀሪ ሳህራ ሳሎን ተሰብስበን ጨረስነው። መጨረሻውን አልነግርዎትም፤ ፖለቲካ እንዳይሆንብዎት።

የከበረ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎት እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትናና ከዚያ በሚበልጥ ድካም፣

ታዛዥዎ ዓለምነሽ

ማስታወሻ፦ ኪዱ አልተቀየመዎትም። «እሳቸውም ፈርተው ነው» ይላል። ይሆናል። ሳህራም ከመፈረሟ በፊት ወደ በሩ ሁለቴ ዞራ ስታይ አይቻለሁ፤ ፈረመች ግን።